«ትራክ 07» የሚባል ዘፈን የለም

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሚኒባስ ውጫሌ ሲደርስ ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን አምባሰል ቢሆን አይገርምም። አገሩ ነው። ወረዳው አምባሰል ይባላል፤ ተራራው አምባሰል ይባላል፤ ማሲንቆው የሚያንጎራጉርበት ቅኝትም አምባሰል ይባላል። የሚገርመው የመኪናው ቴፕ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ነው፦ «ትራክ 07»።

ተሳፋሪው ዘፈኑን ወዶታል። ረዳቱም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላል። «ማን ነው የዘፈነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሾፌሩ «ፍላሽ ላይ ያስጫንኩት ነው» ይላል። የጫነለት የሙዚቃ ቤት ልጅ ቢጠየቅ «ከቴሌግራም ያወረድኩት ነው» ይላል። የቻናሉ ባለቤት ቢጠየቅ «አንዱ ‹ለመንገድ የሚሆኑ 20 ምርጥ ዘፈኖች› ብሎ የለቀቀው ነው» ይላል። ሰንሰለቱ እዚህ ላይ ይበጠሳል። ሃያውን ዘፈን የመረጠ ሰው አለ። ሃያውን የዘፈኑት፣ የገጠሙት፣ ያቀናበሩት ሰዎች ግን የሉም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መራጭ ነው።

ሾፌሩ አይወቀስም፤ ሥራው መኪና መንዳት ነው። የሙዚቃ ቤቱ ልጅም ቢሆን በቀን ስንት ሚሞሪ እንደሚሞላ እሱ ያውቃል። መራጩ ግን ራሱን ገምጋሚ ብሎ ሰይሟል። አዲስ የወጡ ነጠላ ዜማዎችንና የፊልም ማጀቢያዎችን እየሰማ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል፤ «ይህቺን ፕሌይሊስታችሁ ውስጥ ክተቷት፣ ያቺን ዝለሏት» ይላል፤ የሚሰማውም ተከታይ አለው። እንዲህ ያለ ሰው በቴሌግራም፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ ሞልቷል። ጆሯቸው መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ጥሩ ዘፈን ሲሰሙ ያውቁታል። ከዚያ በኋላ የሚሉት ነገር ነው የጠፋቸው። «አንጀት ይበላል»፣ «ቫይቡ ልዩ ነው»፣ ዘጠኝ ከአሥር። አለቀ። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ማን አቀናበረው? ቅኝቱ ምንድን ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ? ፊልሙ ውስጥ የገባው የትኛው ትዕይንት ላይ ነው? ዝም።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። ከፋዩ ግን ገምጋሚው አይደለም።

ቃልን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት ከውጫሌ የተሻለ ከተማ አይገኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከከተማዋ አቅራቢያ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ፒዬትሮ አንቶኔሊ የተስማሙበት ውል 20 አንቀጾች ነበሩት። ታሪክ የሚያስታውሰው አንዱን፣ 17ኛውን ነው። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲገናኙ በኢጣሊያ በኩል መሄድ እንደሚቻላቸው ይናገራል። የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ እንዲሄዱ ያስገድዳል። አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ፣ የአንድ ግስ ልዩነት። ሮም ያንን ግስ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት። ነገሩ የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ነው።

የአንድ ዘፈን ስም መጥፋት ከአገር ነፃነት ጋር አይወዳደርም። የሚሄድበት መንገድ ግን ይመሳሰላል። አንድ ነገር በባለቤቱ ቋንቋ ስም አለው። ሌላው ሰው ለራሱ የሚመቸውን ስም ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ዓለም የሚሠራው በሁለተኛው ስም ነው። ዛሬ አምባሰል ሁለተኛ ስም ወጥቶለታል። «ሳድ» ይሉታል። «ቺል» ይሉታል። «የሌሊት ሙድ» ይሉታል።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

ክራር መቺ መጫወት ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን ይቃኛል። ዘፈኑ የሚመላለስባቸውን አምስት ድምፆች የሚወስነው ያን ጊዜ ነው። ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ትዝታና ባቲ ደግሞ ሙሉና ግማሽ ተብለው ይከፈላሉ። ከአራቱ ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ ምድር ጋር ይጋራሉ፤ አንዱ ከአምባሰል ተራራ፣ ሌላው በሰኞ ገበያዋ ከምትታወቀው ከባቲ ከተማ ጋር።

አሁን ፒያኖ ያለው፣ ወይም ስልኩ ላይ የፒያኖ አፕ የጫነ ሰው ይህን ይሞክር። ከዶ ተነስቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይጫወት። ግማሽ ትዝታ ነው። ከዚያ እነዚያኑ አምስት ድምፆች፣ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ፣ ከሶል ተነስቶ ሶል ላይ እያረፈ ይጫወታቸው። አምባሰል ሆነ። ድምፆቹ ያው ናቸው። የተለወጠው ዜማው የሚነሳበትና ዞሮ ዞሮ የሚገባበት ቤት ነው። ግማሽ ትዝታ ከቤቱ ሲወጣ አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ላይ ይራመዳል። አምባሰል የሚራመደው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ጠባብ እርምጃ፣ በተለይ ዜማው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ለአምባሰል ሌላው የሌለውን ጠረን ይሰጠዋል።

ድምፆችን ብቻ የሚቆጥር ማሽን ሁለቱን አንድ ቅርጫት ውስጥ ይከታቸዋል። በአምባሰል ሰርግና ለቅሶ ያደገ ሰው ግን ማሲንቆው ገና ሁለት ጊዜ ሳይመላለስ ይለያቸዋል። ገምጋሚው መቆም የነበረበት ከዚህ ሰው ጎን ነበር። እሱ ግን ማሽኑ አጠገብ ቆሞ «ሁለቱም ሳድ ናቸው፣ ዘጠኝ ከአሥር» ይላል።

ስም ለአድማጭ የሚሠራው ሥራ አለ። ስም መንገድ ነው። አንድ ወጣት የሰማው ዘፈን አምባሰል መሆኑን ካወቀ ወደ ማሪቱ ለገሰ ይሄዳል፤ ከማሪቱ ወደ ባሕሩ ቃኜ ማሲንቆ ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ዛሬ በኪቦርድ የተሠራ አዲስ ነጠላ ዜማ ሲሰማ «ይህም አምባሰል ነው እኮ!» ይላል። አሁን ዘፈኑን ከወደደው በላይ ያውቀዋል። «ሳድ» የተባለለት ወጣት ግን የትም አይሄድም። የሚቀጥለውን የሚመርጥለት አፑ ነው፤ አፑ ደግሞ የአምባሰልን ተራራ አያውቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ፊልም ይነሳ፤ ስለ ፕሌይሊስት ከተሠሩት ሁሉ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው እሱ ነውና። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ በዚያው ዓመት ካን ላይ ግራንድ ፕሪ አገኘ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዶን ጆንስተን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ቢል መሪ ይጫወተዋል። ጎረቤቱ ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው፤ ጄፍሪ ራይት ይጫወተዋል። ዶን የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ሊጓዝ ሲነሳ ዊንስተን ለመንገድ የሚሆን ሲዲ ራሱ ቀድቶ ይሰጠዋል። ሲዲው ውስጥ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። ሰውየው በተከራየው መኪና የአሜሪካን አውራ ጎዳና እየነዳ የአዲስ አበባን ቫይብራፎን ይሰማል።

የዊንስተን ሲዲ ከዛሬዎቹ ዝርዝሮች ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ለሚያውቀው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጉዞ የመረጠው ነው። የጎረቤት ስጦታ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለገምጋሚዎቻችን ትምህርት መሆን ነበረበት። ፊልሙ ሙላቱን ለብዙ አዲስ ጆሮ አደረሰ። ከፊልሙ ዜማዎች አንዱ «የግሌ ትዝታ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» የተባለውን ዘፈናቸውን የሠሩት ከእሱ ላይ ቆርጠው ነው። ሰውየው ሙላቱን ሳያውቅ የሙላቱን ዜማ ያፏጫል። የሚያፏጨውን የሚነግረው ሰው ከሌለ የጎረቤት ስጦታው የቡና ቤት ግድግዳ ወረቀት ይሆናል፤ ለጌጥ የሚሰቀል፣ ማንም የማያነበው።

ያልሆነው ስም የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሙዚቃው ከመጀመሪያውም የተቀዳው ስም ባላቸው ሰዎች ነው፤ አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መግቢያ የሸክላ አሳታሚ ሆኖ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ፣ ከጎኑ የካይፋ ሸክላዎች ነበሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርዕስ እነዚያን ሸክላዎች መልሶ ሲያወጣ ከሲዲው ጋር ደብተር አያይዞ ነው፤ ማን ዘፈነ፣ ማን አቀናበረ፣ መቼ ተቀዳ። አራተኛው ሲዲ የሙላቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩ። የውጭ አገር ሰው የፓሪስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የጻፈውን ስም የአገሬው ገምጋሚ አማርኛ እየተናገረ መጻፍ ካቃተው፣ ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። የንቀት ጉዳይ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

አንድ ምሳሌ ብቻ። ከዚሁ ፊልም ዜማዎች አንዱ «የከርሞ ሰው» ይባላል። ገምጋሚው «ግሩቩ ይገድላል» ብሎ ያልፈዋል። ስሙን ቢያነበው ኖሮ «የከርሞ ሰው» የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ርዕስም መሆኑን ያገኝ ነበር። ከአንድ ዘፈን ወደ አንድ ቴአትር፣ ከቴአትሩ ወደ አንድ ዘመን የሚወስድ መንገድ አርዕስቱ ላይ ተጽፎለታል። እሱ የተመለከተው የሰከንዱን መቁጠሪያ ነው።

የፊልም ማጀቢያ ግምገማ ደግሞ ከዘፈኑም የባሰ ነው። ማጀቢያ ማለት አንድን ትዕይንት የሚያጅብ ማለት ነው። ሙሽራ ታጅባ ካልመጣች አጃቢው ምን ይሠራል? ገምጋሚዎቻችን ግን አጃቢውን ከሙሽራዋ ነጥለው፣ ቀለበት አስረው፣ ዳኝተው ይሸኙታል። «ፊልሙን አላየሁትም፣ ሳውንድትራኩ ግን 8 ከ10» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚጻፍበት ዘመን ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ሙዚቃውን የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር ናቸው። በዚያ ፊልም ውስጥ ከጀርመን ወደ መንደሩ የተመለሰው ምሁር አእምሮው ሲታወክ ሙዚቃው የሚሠራውን ሥራ ያላየ ሰው ሙዚቃውን ብቻ ቆርጦ ስልኩ ላይ ቢያስቀምጠው ያስቀመጠው ግማሹን ነው። ማስቀመጡ ኃጢአት አይደለም። ግማሹን ይዞ ሙሉውን ገመገምኩ ማለቱ ነው ጥፋቱ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖም እንዲሁ ነው። መነኩሲቷ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከካሜራ ርቀው ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ሬቤካ ሆል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው «ፓሲንግ» የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም የተሸከመው በእሳቸው ፒያኖ ነው። ታሪኩ ማንነቷን ደብቃ እንደ ነጭ ስለምትኖር ጥቁር ሴት ነው። በዚህ ፊልም ላይ የአንዲት ኢትዮጵያዊት መነኩሲት ብቸኛ ፒያኖ ለምን ተመረጠ? ይህ ጥያቄ ብቻውን አንድ ሙሉ ግምገማ ይወጣዋል። በአማርኛ ስንቱ ጠየቀው? «ለጥናት ጊዜ የሚሆን ለስላሳ ፒያኖ» ብሎ መደርደር ይቀላላ።

ተቃውሞው ይታወቃል። አንድ በአንድ ይታይ።

የመጀመሪያው፦ «የግል ምርጫ ነው፤ ማንን ምን አገባው?» ለራሱ ጆሮ፣ ለራሱ ስልክ የሚመርጥን ሰው በእርግጥ ማንም አያገባውም። የግል ፕሌይሊስት እንደ ቤት ወጥ ነው፤ ጨው በዛ ብሎ የሚከስ ጎረቤት የለም። ግን ወጡን አደባባይ አውጥቶ፣ ሰው ጠርቶ፣ «ከዚህ ሌላ አትብሉ» ያለ ሰው ባለ ምግብ ቤት ሆኗል። ከዚያ በኋላ ሥጋው ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል። ተከታይ ሲቆጠር የሕዝብ፣ ኃላፊነት ሲመጣ የግል መሆን አይቻልም።

ሁለተኛው፦ «መረጃው አይገኝም።» ለአንዳንዱ አሮጌ ዘፈን እውነት ነው። ለአብዛኛው አዲስ ሥራ ግን ሰበብ ነው። ዛሬ የሚወጣ የአማርኛ ነጠላ ዜማ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ የማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ከቪዲዮው ሥር ይጻፋል። አንድ ጊዜ መንካት ነው የሚጠይቀው። በካሴት ዘመንም የካሴቱ ወረቀት ላይ «ግጥም፦ እገሌ፣ ዜማ፦ እገሌ፣ ቅንብር፦ እገሌ» ተብሎ በደቃቅ ፊደል ይታተም ነበር፤ ልጆች ካሴቱን እየሰሙ ወረቀቱን ያነቡ ነበር። ፎቶ ኮፒ ማሽን ብርቅ በነበረበት ዘመን የተጻፈ ስም፣ ዓለም ኪስ ውስጥ በገባበት ዘመን ጠፋ ቢባል ማን ያምናል?

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀው ነው፦ «የባህል ዘፈን ባለቤት የለውም፤ የሕዝብ ነው።» ቅኝቱ የሕዝብ መሆኑን ማንም አይክድም። አምባሰልን የፈጠረ አንድ ሰው የለም፤ የአንድ ሰው ርስትም ሊሆን አይችልም። ግን ቅኝት ዘፈን አይደለም። ፊደል የሁሉም ነው፤ በፊደሉ የተጻፈው ልብ ወለድ ግን ጸሐፊ አለው። አዝማሪው ያንን የጋራ ቅኝት ወስዶ በዚያች ምሽት፣ በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ስንኝ ያወጣው የእሱ ነው። አገሪቱ በ1996 ዓ.ም. ያወጣችው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ተሻሽሏል። ከመብቶቹ አንዱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስ የመፈለግ መብት ነው። ሙዚቀኞች በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ይዘው ሲመጡ ያነሱት ጥያቄም ይኸው ነበር፤ የሠራው ሰው በስሙ ይታወቅ፣ በስሙ ይከፈለው። ስም በሌለበት ክፍያ ለማን ይጻፋል? «ትራክ 07» የባንክ ደብተር የለውም።

እዚህ ላይ የከተማዋን ቅርብ ታሪክ ማለፍ አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መንገድ አልፏል። ቤቱን ዘግቶ የሚሸሽ ሰው የካሴት ካርቶን አይሸከምም፤ ስልኩን ነው የሚይዘው። ስለዚህ የብዙ ቤተሰብ የሙዚቃ መዝገብ ዛሬ ስልክ ላይ ያለው ፋይል ነው፤ ወረቀት የለውም፣ ሽፋን የለውም፣ ፎቶ የለውም። ፋይሉ ላይ ስም ካልተጻፈ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ዘፋኙን በመልኩ የሚያውቁ፣ «ይህ እኮ በእገሌ ሰርግ ላይ የተጫወተው ነው» የሚሉ አዛውንቶች ደግሞ ዘላለም አይኖሩም። ገምጋሚው በቀልድ የዘለለው መስመር ለአንዳንድ ዘፈን የመጨረሻው ዕድል ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ማንም ገምጋሚ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይግባ አልተባለም። የሚፈለገው በአንድ ዘፈን አራት ወይም አምስት መስመር ነው። ማን ዘፈነው። ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ የማን ነው። መቼ ወጣ። ቅኝቱ ምንድን ነው፤ ካላወቀ የሚያውቅ ይጠይቅ፣ በየከተማው ማሲንቆ የሚመታ ሰው አይጠፋም። የፊልም ከሆነ ደግሞ የትኛው ትዕይንት ላይ ገባ፣ እዚያስ ምን ሠራ። ከዚያ በኋላ አንጀቱን ይብላው፣ ቫይቡን ያድንቅ፣ ዘጠኝም ይስጥ ዜሮ። ነጥቡን ያኔ ማክበር ይቻላል፤ ምን ላይ እንደተሰጠ ታውቋልና።

ይህ ማለት አሮጌው ይወደስ፣ አዲሱ ይናቅ ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚህ ዝምታ ይበልጥ የሚጎዳው አዲሱ ነው። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነፀብራቅ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የአገር ቤት ድምፅና ዜማ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አገናኝቶ ነው። ያን ሥራ «የዳንስ ሙዚቃ» ብሎ የሚያልፍ ገምጋሚ ወጣቱ የደከመበትን ነገር አይቶለታል ለማለት ይቸግራል። ከየት እንደተነሳ ያልታወቀ ሙዚቀኛ የት እንደደረሰም አይታወቅለትም። ከአባቱ ቅኝት ወጥቶ አዲስ ነገር የሞከረ ሰው መመስገን ያለበት በሞከረው ነገር ስም ነው።

በመጨረሻ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ልጅ እንመለስ። እሱ በዚህ ጽሑፍ አልተወቀሰም፤ ሆኖም ከገምጋሚዎቹ ሁሉ የሚሻል ሥልጣን በእጁ ነው። በመንገዱ የሚያልፉ መኪኖች የሚሰሙት እሱ የጫነውን ነው፤ በየገጠሩ የሚደርሰው ሚሞሪ ከእሱ ኮምፒውተር የወጣ ነው። አምባሰልን ሲሰማ አምባሰል መሆኑን ለመናገር ማንም አያስፈልገውም፤ ካስፈለገውም አያቱን መጠየቅ ይበቃዋል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል። ቤቱ ዝም ሲል ነው ጎረቤቱ «ሳድ» ብሎ የሚሰይመው።

ሥራው ቀላል ነው። ፋይሉ ላይ በቀኝ መጫን፣ «ስም ቀይር» የሚለውን መንካት፣ «ትራክ 07»ን አጥፍቶ የዘፋኙን ስምና «አምባሰል» የሚለውን ቃል መጻፍ። ሚኒባሱ ነገ እንደገና ሲያልፍ፣ ተሳፋሪው «ማን ነው የዘፈነው?» ሲል፣ ሾፌሩ ቴፑን አይቶ ይመልስለታል።